ጠርዙ ያልተስተካከለው የኤልዛቤጥ ብር

ጥያቄ፦ በእንግሊዟ ቀዳማዊት ኤልዛቤጥ ዘመን የተሠራ ነው የተባለ የብር መሐለቅ በውርስ ደርሶኛል። ከንግሥቲቱ ራስ በስተኋላ ጽጌረዳ፣ በጀርባው ከጋሻው በላይ ደግሞ 1573 የሚል ዓመት ይታያል። ሆኖም ክብነቱ የተስተካከለ አይደለም፤ በአንድ ወገን ፊደላቱ በከፊል ጠፍተዋል፣ በተቃራኒው ወገን ደግሞ ምንም ያልታተመበት ብር ተርፏል። ክብደቱ 3 ግራም ነው። ጠርዙ ተከርክሞ ይሆን?

መልስ፦ የያዙት ሲክስፔንስ፣ ማለትም ባለ 6 ፔኒው ገንዘብ ይመስላል፤ ጽጌረዳው የተጨመረውም በመጠን ከሚቀራረበው ባለ 4 ፔኒው ግሮት እንዲለይ ነው። በዚያን ጊዜ ሠራተኛው ተመዝኖ የተቆረጠውን ጠፍጣፋ ብር በግንድ ላይ በተተከለው የታችኛው ቅርጽ ላይ አኑሮ፣ የላይኛውን ቅርጽ በእጁ እንደያዘ በመዶሻ ይመታው ስለነበር፣ እጁ ጥቂት ካዘነበለ ምስሉ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ማተሚያ ቤቱ በጥብቅ የሚቆጣጠረው ክብደቱንና የብሩን ጥራት እንጂ ክብነቱን አልነበረም። (ፈረንሳዊው ኤሎይ ሜስትሬል ከ1561 ጀምሮ በለንደን ግንብ ውስጥ በማሽን እጅግ ያማሩ መሐለቆችን ቢያትምም አሠራሩ ሳይዘልቅ ቀርቷል፤ እሱም በ1578 በሐሰተኛ ገንዘብ ወንጀል ተሰቅሏል።)

የከርካሚ እጅ የሚታወቀው በሌላ መንገድ ነው። ከርካሚው ከእያንዳንዱ መሐለቅ ጠርዝ ቀጭን ብር እየላጨ ያከማቻል፣ መሐለቁን ግን በሙሉ ዋጋው መልሶ ያወጣዋል። ስለዚህ በተከረከመ ገንዘብ ላይ ፊደላቱ ብዙውን ጊዜ ዙሪያውን ይጎድላሉ፣ አንዳንዴም ቀጥ ያለ የመቀስ መስመር ይታያል፣ ክብደቱም ይወርዳል። የእርስዎ ግን በአንድ በኩል የጎደለው በሌላው በኩል ተርፏል፤ የዚያ ዓመት ሲክስፔንስ ሲወጣ 3.1 ግራም ያህል ስለነበር፣ የጎደለው በእጅ ብዛት ያለቀው ብቻ ነው። በእኔ ግምት ቅርጹ ተዛንፎ የተመታ ነው።

ክርከማ በሞት የሚያስቀጣ የአገር ክህደት ቢሆንም አልቆመም። በ1662 ማሽን በቋሚነት ሥራ ሲጀምር የትልልቆቹ መሐለቆች ጠርዝ ጽሑፍ ተቀረጸበት፣ የቆዩት የመዶሻ ብሮች ግን እስከ 1696ቱ ታላቅ የገንዘብ ለውጥ ድረስ አብረው ይዘዋወሩ ነበር።

ሐሰተኛነቱን በተመለከተ ጠርዙን በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ፤ ዙሪያውን የሚሄድ የመጋጠሚያ መስመር ወይም በገጹ ላይ ጥቃቅን የአረፋ ቀዳዳዎች ካሉ፣ በመዶሻ የተመታ ሳይሆን ቀልጦ የተቀዳ ነው። እስኪመረመር ድረስ ግን እንዳይወለውሉት።