ሻዩን የሚያመርረው ውሃው ሳይሆን ወንፊቱ ነው

ጥያቄ፦ ከጃፓን የመጣልኝ፣ እጀታው በጎኑ በኩል የወጣ ቀይ የሸክላ ማንቆርቆሪያ (ክዩሱ) አለኝ። አረንጓዴ ሻዩ በጣም ይመራል፣ ስቀዳው ይንጠባጠባል፣ በክዳኑ ዙሪያም ያፈሳል። ውሃውን አብርጄ ብሞክርም ለውጥ የለም። እጀታው ተሰብሮ በሱፐር ግሉ ተጣብቋል። ይጠገናል ወይስ ሌላ ልግዛ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት እጀታው። ሱፐር ግሉ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ይለቃል፤ የሚለቀው ደግሞ ዕቃው ሞልቶ ሲያዘነብሉት ነው። ሙቅ ውሃ አይጨምሩበት። ማን እንዳጣበቀው አላውቅም፤ ኮላው ከስብራቱ ወጥቶ ጎኑ ላይ ደርቆ ከታየ ግን ሥራው ሥራ አይደለም።

ወደ ሻዩ ስንመጣ፣ ሦስቱም ችግሮች ከአንድ ቦታ የሚመጡ ይመስለኛል። ውሃውን አብርደው እንኳ መምረሩ ነው ያስጠረጠረኝ። ከማፍሰሻው ሥር ትንሽ ክብ የሽቦ ወንፊት ተወትፎ ከሆነና ቅጠልዎ ደቃቅ፣ ከከረጢቱ ግርጌ ዱቄት የሚቀረው ከሆነ፣ ነገሩ አለቀ። ይህ ቅጠል ፉካሙሺ የሚባለው ሴንቻ (የጃፓን አረንጓዴ ሻይ) ነው። ተራው ሴንቻ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ገደማ በእንፋሎት ሲመታ፣ ይህኛው ከደቂቃ በላይ ስለሚቆይ ይላላና ይፈረፈራል። ፍርፋሪው ያቺን ትንሽ ወንፊት ይደፍናታል። ለ40 ሰከንድ ዘፍዝፈው ለመቅዳት ሌላ ሁለት ደቂቃ ከፈጀብዎ፣ ሻዩ የተዘፈዘፈው አራት እጥፍ ነው። አልወርድ ሲል ደግሞ ይበልጥ ያዘነብላሉ፤ ያኔ ውሃው ክዳኑ ጋ ይደርስና በዙሪያው ይወጣል።

«የአየር ቀዳዳው ቢሆንስ?» ይሉኝ ይሆናል። ይህን ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ብዙ ሰው ስለሚስተው። ከማንቆርቆሪያ ውሃ የሚወጣው በምትኩ አየር ሲገባ ብቻ ነው። ክዳኑ ላይ ያለችው ቀዳዳ ለእንፋሎት ብቻ የተበሳች አይደለችም፤ የአየር መግቢያ ናት። በጎን እጀታ ሲቀዱ አውራ ጣት ክዳኑን ይይዛል፤ ጣቱ ሳይታወቅ ቀዳዳዋ ላይ ካረፈ ፍሰቱ ይቆማል። በሸክላ ሥራ የታወቀችው የጃፓን ከተማ የቶኮናሜ ጥሩ ሠሪዎች ክዳኑንና አፉን አንድ ላይ እያፋጩ ስለሚያገጣጥሟቸው፣ ቀዳዳዋን ሲደፍኗት ውሃው ቀጥ ይላል። በዚሁ ምክንያት የአንዱ ክዳን ለሌላው አይሆንም። የእርስዎ ክዳን ግን ውሃ የሚያስወጣ ክፍተት ካለው አየርም ያስገባል። ስለዚህ ጥፋቱ የአየር አይደለም።

ለማረጋገጥ ያለ ቅጠል ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው ይቅዱ። (ቀዝቃዛ! እጀታውን አይርሱ።) ወፍራም ሆኖ ሳይቆራረጥ ከወረደ ወንፊቱ ንጹሕ ነው፤ ለዚህ ቅጠል ግን አይሆንም። ባዶውንም ከተንጠባጠበ፣ ከማፍሰሻው በኩል የቧንቧ ውሃ ወደ ውስጥ ይልቀቁበትና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉት። በመርፌ መውጋት ሽቦውን ከማስፋት በቀር ጥቅም የለውም። ማፍሰሻው ጫፍ ላይ የተሰካች የፕላስቲክ ቱቦ ካለች አውጥተው ይጣሏት፤ በመንገድ እንዳይሰበር የተደረገች ናት፤ ውስጧ ሻይ እያደረ ይሻግታል።

እጀታው እንዲህ ከሆነ ግን ሌላ መግዛቱ ነው የሚያዋጣው። ለሁለት ሰው ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ይበቃል። ለደቃቅ ቅጠል ወንፊቱ የውስጡን ግድግዳ እንደ ቀበቶ የሚዞር ይሁን፣ ወይም ከራሱ ከሸክላው በደቃቁ የተበሳ ሰፊ ወንፊት። ያቺን ትንሽ የሽቦ ጉልላት የወተፉበትን ርካሽ ዕቃ አይንኩ። የአይቺው ቶኮናሜ ወይም የዮካይቺው ባንኮ ሸክላ (ሁለቱም የጃፓን ናቸው) ከሆነ ጥሩ ነው። ክዳኑን በቦታው ያዙሩት፤ ከተንገጫገጨ ይተዉት። ግራኝ ከሆኑ ለግራ እጅ የተሠራ ይጠይቁ። ሸክላ ነው ብለው እንደ ጀበና እሳት ላይ እንዳይጥዱት፤ ይሰነጠቃል።

አፈላሉ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የጃፓን መመሪያ ውሃው በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ አድርጎ ነው የሚጽፈው፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል። ውሃው ከዕቃ ወደ ዕቃ በተገለበጠ ቁጥር ወደ 10 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ስኒዎቹ ውስጥ ቀድተው፣ ትንሽ ቆይተው ወደ ክዩሱው ከገለበጡት 70ዎቹ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ማቀዝቀዝ አያስፈልግም። 5 ግራም ቅጠል፣ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 40 ሰከንድ። አይወዝውዙት፤ መወዝወዝ ፍርፋሪውን ወንፊቱ ላይ ይጭነዋል። ሁለቱን ስኒዎች እያፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ይቅዱ፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወጣ። ውስጡ የቀረ ውሃ ሁለተኛውን ዙር ያመርረዋል።

ከዚያ ከማፍሰሻው ተቃራኒ ያለውን ጎን በመዳፍዎ መታ መታ ያድርጉት፤ ቅጠሉ ከወንፊቱ ይላቀቃል። ክዳኑን ገለጥ አድርገው ያቆዩት። ለሁለተኛው ዙር ውሃው ሞቅ ይበል፣ 10 ሰከንድ ይበቃዋል። ሲጨርሱ በሙቅ ውሃ ብቻ ይለቅለቁት፤ ያልተቀባ ሸክላ የሳሙና ሽታ ይይዛል። ክዳኑ ተከፍቶ ይድረቅ።