ልብ ወለዱን አትተዪ፣ መጽሐፉን ግን ቀይሪ

ከደሴ የጻፍሽልኝ የአካውንቲንግ ምሩቅ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሌሎቻችሁ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። እህታችን ከተመረቀች ዓመት አልፏታል። ሁለት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታ ሁለቱም ላይ እንግሊዝኛው ምላሷን አሰረው። ጓደኛዋ «ልብ ወለድ አንብቢ፣ ቃላት ትይዣለሽ» ብትላት የቻርልስ ዲከንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ጀመረች። የማታውቀውን ቃል ሁሉ ከመዝገበ ቃላት እያወጣች በደብተር ትጽፋለች። ወር ሙሉ ለፍታ ሁለተኛውን ምዕራፍ አልጨረሰችም። አባቷ «ተረት ይዘሽ ከምትውዪ ሱቅ ጠብቂ» ይሏታል። ጅዳ ያለው ወንድሟ ደግሞ የእንግሊዝኛ ኮርስ ልክፈልልሽ ብሏል። «ንባቡን ልተወው ወይ?» ነው ጥያቄዋ።

አትተዪው።

መጀመሪያ ግን የሚያንገበግበኝን ልናገር። ከ9ኛ ክፍል እስከ ምረቃ ስምንት ዓመት በእንግሊዝኛ ተማርሽ። በነዚያ ዓመታት ከዳር እስከ ዳር ያነበብሽው አንድም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እንደሌለ ራስሽ ጽፈሻል። የአንቺ ብቻ አይደለም። ወደ እኔ የሚመጡት ምሩቃን አብዛኞቹ እንደዚያው ናቸው። ሃንዳውት ተሰጣቸው፣ ሃንዳውት ሸመደዱ፣ ሃንዳውቱን ፈተና ላይ መለሱ። የመውጫ ፈተናው ራሱ ከተደረደሩት መልሶች አንዱን መምረጥ ነው። ከራስሽ አውጥተሽ አንዲት አንቀጽ እንድትጽፊ ማንም ሳይጠይቅሽ ዲግሪ ተሰጠሽ። ከዚያ ቀጣሪው «ቴል ሚ አባውት ዩርሰልፍ» ሲልሽ ብትደነግጪ ምን ይገርማል?

ስለዚህ ጓደኛሽ ትክክል ናት። የተሳሳተው መጽሐፉ ነው።

የላክሽልኝን የደብተርሽን ፎቶ አየሁት። ረግረግ፣ የሞት ቅጣት መስቀያ፣ የእግር ብረት፣ ሞረድ። «ዊትልስ» ከሚለው ቃል ጎን ትልቅ የጥያቄ ምልክት አለ፤ በየመዝገበ ቃላቱ አጥተሽዋል። አጥፊው አንቺ አይደለሽም። መቃብር ቦታ ልጁን ይዞ የሚያስፈራራው እስረኛ ያልተማረ ሰው ስለሆነ ነው። «ቪትልስ» የሚባለውን፣ ዛሬ እምብዛም የማይነገር የምግብ ስም፣ አጣሞ ይጠራዋል። ዲከንስም የሰውየውን አነጋገር እንዳለ ጻፈው። መጽሐፉ በ1860 እና 61 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ገጠር እስረኛ እንዴት እንደሚያወራ አውቀሽ የትኛው ፋይናንስ ክፍል ነው የሚቀጥርሽ?

ፖል ኔሽን የሚባሉ የኒውዚላንድ የቋንቋ ምሁር በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ልብ ወለድን ያለ እርዳታ ለመረዳት በገጹ ላይ ካሉት ቃላት 98 በመቶውን ማወቅ ያስፈልጋል ይላሉ። ከ50 ቃል አንዱ ብቻ ባዳ ይሁን ማለት ነው። 300 ቃል ባለው ገጽ ላይ ስድስት። ያንቺ ደብተር ላይ ለአንድ ገጽ ብቻ ከ30 በላይ ቆጥሬአለሁ። ይሄ ንባብ ሳይሆን ለቀማ ነው። ታሪኩ ይጠፋብሻል፣ ታሪኩ ሲጠፋ ደግሞ ቃሉም የሚንጠለጠልበት ነገር ያጣል።

ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ አድርጊ። ማንኛውንም መጽሐፍ ከመጀመርሽ በፊት መሀሉን ግለጪና አንድ ገጽ አንብቢ። የማታውቂው ቃል ከስድስት ከበለጠ መልሰሽ አስቀምጪው። ደረጃ የወጣላቸው፣ ለተማሪ ተቀልለው የተጻፉ ልብ ወለዶች አሉ። «ኦክስፎርድ ቡክዎርምስ» የሚባለው አንዱ ነው። ሦስተኛው ደረጃ በ1,000 መነሻ ቃላት፣ የመጨረሻው ስድስተኛው ደግሞ በ2,500 ነው የተጻፈው። ያንቺ ቦታ ሦስተኛው ይመስለኛል። የሕፃን ነው ብለሽ አትናቂው። አምስተኛው ደረጃ ላይ ያው «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ተቀልሎ ይጠብቅሻል።

ስታነቢ እርሳስ አትያዢ። ያላወቅሽውን ገምተሽ እለፊው። ያው ቃል ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣብሽ ያን ጊዜ ትርጉሙን እዪ። ደብተርሽ ላይ ብቻውን አትጻፊው፤ ያለበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገልብጪው። አንቺ የሚጎድልሽ ከባድ ቃል አይደለም። «ሌጀር»ን፣ «ሪኮንሲሊዬሽን»ን ከማንም በላይ ታውቂያለሽ። የሚጎድልሽ እነሱን የሚያያይዙት ትንንሾቹ ናቸው፦ «አይ ዩዝድ ቱ»፣ «አይ ዋዝ አባውት ቱ»፣ «ኢት ተርንድ አውት ዛት»። እነዚህ በልብ ወለድ ጭውውት ውስጥ እንደ ጉድ ይደጋገማሉ። ሃንዳውት ውስጥ ግን ብትፈልጊያቸው አታገኚያቸውም።

ምዕራፍ ስትጨርሺ መጽሐፉን ዝጊና ታሪኩን በእንግሊዝኛ ለስልክሽ ንገሪው። ቅጂው ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። መጀመሪያ ድምፅሽን መስማት ያሳፍርሻል፣ ችግር የለም። ቃለ መጠይቅ ማለት እኮ ያው የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በዓይን ብቻ የተማረ ሰው አነባበቡ ያሳፍረዋል። ዕዳ ማለት «ዴት» ነው፣ «ቢ»ዋ አትነበብም። ደረሰኝ «ሪሲት» ነው፣ «ፒ»ዋ አትሰማም። አካውንታንት ሆኖ «ዴብት» እና «ሪሲፕት» የሚል ሰው ስንቱን አይቻለሁ። ስለዚህ የምታነቢውን መጽሐፍ ድምፁን ካገኘሽ አብረሽ ስሚ፤ ካላገኘሽ መዝገበ ቃላቱ አፕሊኬሽን ላይ ያለችውን የድምፅ ማጉያ ምልክት ተጫኚ።

ኦሮማይን በአማርኛ ሁለት ጊዜ ማንበብሽን ነግረሽኛል። እንግዲያው ደስ የሚልሽ ወሬ አለ። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ ሥራ በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ተቀልለው የተጻፉትን ስትጨርሺ ወደሱ ሂጂ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ አስመራ ገብቶ ምን እንደሚገጥመው አስቀድመሽ ስለምታውቂ ባዳው ቃል አያደናግርሽም፤ ከጠፋብሽም አማርኛውን ገልጠሽ ታያለሽ።

አሁን ወደ ቤተሰብሽ። አባትሽን አከብራለሁ፣ ሱቁም ያሳደገሽ ሱቅ ነው። ግን «ተረት» የሚሉት ነገር ለአንቺ ሥራ ነው። ከሰዓት ደንበኛ በሚያንስበት ሰዓት ባንኮኒው ላይ መጽሐፉን ዘርግተሽ አንብቢ። ሱቁም ይጠበቃል፣ ንባቡም ይሄዳል። ከዚያ በኋላም ከተቆጡ ችግሩ መጽሐፉ አይደለም፤ ያስተማሯት ልጅ እቤት መቀመጧ ነው፣ እሱን ነው ቁጭ ብላችሁ መነጋገር ያለባችሁ።

የወንድምሽን ገንዘብ ግን እንዳትነኪ። በጅዳ ሙቀት የተገኘ ሪያል ነው። «በሦስት ወር እንግሊዝኛ አቀላጥፈው ይናገሩ» የሚሉት ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ የሚሸጡልሽ የምስክር ወረቀት ነው። ቀጣሪ ደግሞ ያንን ወረቀት አያይልሽም፣ አፍሽን ነው የሚያየው። መርዳት ከፈለገ የኦሮማይን እንግሊዝኛ ገዝቶ ይላክልሽ። ለቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ ስትጠሪ ትራንስፖርቱን ይቻልሽ። እምቢ ማለት ከከበደሽ ይሄን ጽሑፍ ላኪለት፣ እኔ ነኝ የከለከልኩት።

ባንክ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ያልሽው ደግሞ ብዙም አልጣመኝም። ለአንድ የባንክ ማስታወቂያ ስንት ሺህ ሰው እንደሚመዘገብ ታውቂዋለሽ። አስመጪዎችን እዪ። ከቻይና፣ ከቱርክ፣ ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጡ ትንንሽ ድርጅቶች ሂሳብ የሚይዝላቸውም፣ ለአቅራቢዎቻቸው በእንግሊዝኛ ኢሜይል የሚጽፍላቸውም ሰው ይፈልጋሉ። ሁለቱን አንድ ሰው ከሠራላቸው ደስታውን አይችሉትም። እኔም የተቀጠርኩት ፋይል እንድጠርዝ ነበር። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የጠፋ ቀን ነው ወንበሬ የተቀየረው። ስለዚህ ቅጂው ሲለመድሽ የምዕራፉን ታሪክ በኢሜይል መልክ መጻፍ ጀምሪ፤ አምስት መስመር ይበቃል።

የቀሩትን ባጭሩ። ሲቪሽ አራት ገጽ ነው፣ ሁለት አድርጊው፤ «ሆቢ» የሚለውንም አውጪው። ማስተርስ አሁን አትጀምሪ፣ መጀመሪያ ሥራ። «ዕድሜዬ ሄደ» ላልሽው፣ 24 ዓመትሽ ነው፣ ተይ እንጂ።