ከታች አረረ፣ ከላይ ጥሬ

ጥያቄ፦ በዚህ ብርድ በእንጨት ምድጃ ማብሰል ጀምሬያለሁ። ጭሱ ዓይኔን ፈጀው። ምግቡም ከታች እያረረ ከላይ ጥሬ ይሆንብኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንጨቱን እይው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ካልወረደ ጭሱ አይለቅሽም። እኔ ሁለት ፍልጥ አጋጫለሁ። ደረቅ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል፤ እርጥብ ከሆነ ድምፁ የታፈነ ነው።

ነበልባል ላይ አትጣጂ፤ ፍሙ እስኪቀላ ታገሺ። ከዚያ እሳቱን ሳይሆን ድስቱን አንቀሳቅሺ፦ ለማፍላት መሃል፣ ለማንተክተክ ዳር። ባለፈው ባቄላ ዳር ላይ ሦስት ሰዓት ተውኩት። አንዱም አልፈረሰም፣ ግን በጣት ሲነኩት ልስልስ ያለ ነበር።

አደራ፣ ፍም እያለ የጭስ ማውጫውን አትዝጊ። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታ የለውም፤ ይገድላል።