የመጋዘን ኃላፊው ለምን «እሺ» አለ?

ወንድማችን ያነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ አዲስ አበባ ላይ በሚገባ ያገለገለውን የፍላጎት ማሰባሰቢያ መጠይቅ (ሶፍትዌር ከመሠራቱ በፊት የደንበኛው አሠራርና ፍላጎት የሚጠየቅበትን ቅጽ) ድሬዳዋ ለሚገኝ ጅምላ ነጋዴ ተጠቀመበት፤ ሁሉም «ልክ ነው» ካሉ በኋላ ሶፍትዌሩ ሲቀርብ ግን «እኛ እንዲህ አይደለም የምንሠራው» አሉት። መጠይቁን ይቀይር? እኔም በዚሁ ከተማ ተመሳሳይ ጥፋት ስለ ፈጸምኩ፣ ከመቀየሩ በፊት ማን ባለበት፣ የትና በስንት ሰዓት እንደ ጠየቀ እንዲያስታውስ እመክረዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መጋላ ሰፈር ውስጥ ለአንድ የስኳርና የዱቄት አከፋፋይ የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ስሠራ፣ የመጀመሪያውን ውይይት ያደረግነው በባለቤቱ ቢሮ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋና የመጋዘን ኃላፊው በተገኙበት ነበር። ዕቃ ከመጋዘን የሚወጣው መቼ እንደሆነ ስጠይቅ ባለቤቱ «ደረሰኝ ሲቆረጥ» አለ፤ የመጋዘን ኃላፊውም «እሺ» እያለ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ያለ ደረሰኝ ምንም እንዳይወጣ አድርጌ ሠራሁት። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ወደ ደብተሩ ተመለሰ።

ደብተሩን መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳገላብጠው፣ እያንዳንዱ ገጽ በመስመር ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ በደረሰኝ የወጣው፣ በቀኝ ደግሞ ባለቤቱ ስልክ ደውሎ «ስጠው፣ ደረሰኙ ማታ ይቆረጣል» ያለው ተጽፎ፣ ደረሰኙ ሲደርስ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል። ዋናው ሥራ ያለው በዚህ በቀኙ በኩል ነበር። ሰውየው አልዋሸኝም፤ አሠሪው ፊት ተቀምጦ «ያለ ደረሰኝ የምታስወጣው አንተ ነህ» ሊል አይችልም። ከሌላ ከተማ የመጣ ባለሙያን የድሬ ሰው ጨዋታ ያታልለዋል፤ ትልቅና ትንሹ «አንተ» ሲባባል እየሰማ ሁሉም ነገር በግልጽ የሚነገር ይመስለዋል፤ የአሠሪን ገመና በእንግዳ ፊት ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ስለ ፍላጎት ማሰባሰብ የወጣው የ2018ቱ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይኤስኦ 29148ም፣ ባለድርሻዎችን (ሥራው የሚመለከታቸውን ሰዎች) መለየትን ይጠይቃል፤ የተለዩትን ሁሉ አንድ ክፍል ሰብስቦ መጠየቅ ግን የእኔ ስህተት ነበር።

ከዚያው ደብተር ሌላም ነገር ወጣ። የመጋዘን ኃላፊውና ተሸካሚዎቹ የሚቆጥሩት ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ሲሆን፣ ባለቤቱ ዋጋ የሚነጋገረው በኩንታል፣ ማለትም በ100 ኪሎ ነው። እኔ ቅጹ ላይ «ብዛት» ብቻ ጽፌ ስለ ነበር፣ ባለቤቱና የመጋዘን ኃላፊው የተስማሙት የየራሳቸውን መለኪያ አስበው ነው። ይህን ቀድሜ ያላየሁት፣ የምሄደው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ በሙቀቱ ምክንያት መጋዘኑ ሲዘጋ ስለ ነበር ነው፤ ጭነት የሚወርደው ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ነው። በነገራችን ላይ ኮምፒውተሩ «8:00» ብሎ የሚመዘግበው ለእነርሱ ጠዋት 2 ሰዓት ነውና ይህም መስተካከል አለበት።

ደንበኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ከመመሪያውና ከቅጹ ጀምር፣ የተስማማችሁበትንም በቃለ ጉባኤ አስፈርም እል ነበር።

አሁን ወንድማችን መጠይቁን ትቶ በማለዳ መጋዘኑ ይሂድና ትናንት በመጨረሻ የወጣው ዕቃ እንዴት እንደ ወጣ እንዲያሳዩት ይጠይቅ። ያገኘውን ለባለቤቱ ሲያቀርብ ግን የማን ቃል እንደሆነ አይናገር። እኔ «ደረሰኝ የሚጠብቅ ዕቃ» የሚል መዝገብ ጨምሬ፣ ለሒሳብ ማስታረቂያ እንደሚረዳ ብቻ ገለጽኩለት። ባለቤቱ ዝርዝሩን አየና «ማታ ማታ የምቆጥረው እኮ ይሄንን ነው» አለኝ።