የኋላ ጎማዬ በ18 ሺህ ኪሎ ሜትር አለቀ፤ የትኛውን ልግዛ?

አንድ አንባቢ ጽፎልኛል። የሚነዳው ቮልስዋገን አይዲ 4 የኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ ባለ 20 ኢንች ቸርኬ። ቤቱ ሽሮ ሜዳ፣ ሥራው ቃሊቲ። የኋላ ጎማዎቹ በ18 ሺህ ኪሎ ሜትር የውስጥ ጠርዛቸው ተላጨ፤ በውጭ በኩል ግን ጥርሳቸው አለ። ጎሚስታው ርካሽ ጎማ ገጠመለት። 4 ወር ሳይሞላው እሱም በዚያው በኩል እየተላጨ ነው። ከ80 በላይ ሲነዳ ደግሞ ወንበሩ ሥር ይንቀጠቀጣል። «የትኛውን ብራንድ ልግዛ?» ነው ጥያቄው።

ወንድሜ፣ ብራንዱን ለጊዜው ተወው። ሁለት የተለያየ ጎማ አንድ ቦታ ላይ ከተላጨ ጥፋቱ የጎማው አይደለም። እኔ የምጠረጥረው ጎማውን የያዘውን የኋላ እግሩን ነው። አሁኑኑ ውጣና መዳፍህን ጎማው ላይ አግድም አስኪደው፣ መጀመሪያ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ። በአንዱ በኩል ልስልስ ብሎ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ ከያዘህ ጎማው ቀጥ ብሎ እየሄደ አይደለም፤ እየተንከባለለ ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን ይፈገፈጋል ማለት ነው። አዲስ ጎማ ከመግዛትህ በፊት አራቱንም እግር የሚለካ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠራ። ብዙ ቦታ የፊቱን ብቻ አስተካክለው «ጨርሰናል» ይሉሃል፣ የአይዲ 4 የኋላ እግርም እንደሚስተካከል የማያውቅ ሞልቷል። ቁጥሩ አልስተካከል ካለ ጎሚኒዎቹን፣ የእግሩን መጋጠሚያ ላስቲኮች፣ ይዩልህ።

የወንበሩ መንቀጥቀጥም ወደ ኋላ ነው የሚጠቁመው። የፊት ቢሆን መሪው ላይ ይሰማህ ነበር። ባላንስ፣ ማለትም የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል እንዲሆን ማድረግ፣ ተሠርቶ እንደሆነ ጠይቅ።

ግን አላይመንቱ ተስተካክሎም ቢሆን የኋላ ጎማህ ከፊቱ ቀድሞ ያልቃል። ይህን ላስረዳህ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «የቻይና ጎማ ስለሆነ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የለመድናቸው ትንንሽ የነዳጅ መኪኖች የሚጎትቱት በፊት ነው፤ ቁልቁለት ላይም የሞተሩና የፍሬኑ ሥራ በብዛት የሚያርፈው ፊት ጎማ ላይ ነው። ያንተ መኪና ሞተሩ ከኋላ ነው። ስትነሳ 310 ኒውተን ሜትር የሚሆነው የሞተሩ ጉልበት ወዲያው ኋላ ጎማ ላይ ያርፋል፣ የነዳጅ ሞተር እስኪሞቅና እስኪጮህ እንደሚወስደው ጊዜ የለውም። ማርሹን ቢ ላይ (መኪናው ራሱ እየያዘ ባትሪ የሚሞላበት) አድርገህ ፔዳሉን ስትለቅ ደግሞ ያው ሞተር ተገልብጦ ጄኔሬተር ይሆናል። አሁን ከሽሮ ሜዳ ተነስተህ በስድስት ኪሎ፣ በአራት ኪሎ አድርገህ ስትወርድ አስብ። ባትሪው ሲሞላ ደስ ይልሃል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ወደ ባትሪው የሚመለሰው እያንዳንዱ ጉልበት የሚገባው ከአስፋልቱ በኋላ ጎማ በኩል ነው፤ ጎማው አስፋልቱን የሚነካው ደግሞ መዳፍህን በምታክል ቦታ ነው። 2 ቶን የሚያልፍ መኪና በዚያች መዳፍ ተይዞ ይወርዳል። ማታ ሽቅብ ስትመለስ የሚገፋውም ያው ጎማ ነው። ጠዋት ይይዛል፣ ማታ ይገፋል። የፊቱ መሪውን ይከተላል፣ ድንገት ፍሬን ስትይዝ ዋናውን ጫና ይሸከማል፣ አለቀ።

ወደ ግዢው እንምጣ። የፊትህ 235/50 አር 20፣ የኋላህ 255/45 አር 20 ነው። ፊትና ኋላ ስለማይመሳሰል ማቀያየር አይቻልም። ገበያ ላይ «ያው ነው» ብለው 235 ኋላ የሚገጥሙ አጋጥመውኛል፤ ያው አይደለም፣ አትቀበል። ቀጥሎ ጎኑ ላይ ያለውን የጭነት ቁጥር አንብብ። 105 ካለ አንድ ጎማ 925 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። በዚሁ ልክ 101 የሚልም አለ፣ 825 ኪሎ። ስፋቱ አንድ፣ መልኩ አንድ፣ የጎኑ ብርታት ግን ሌላ። «ኤክስ ኤል» (ለከባድ ጭነት የተጠናከረ) የሚለውን ፈልግ። የተመረተበት ቀንም 4 አሃዝ ነው፣ 2319 ካለ በፈረንጆች 2019፣ 23ኛው ሳምንት። እንዲህ ያረጀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋል፣ ተወው።

አንዳንድ የፋብሪካ ጎማ ውስጡ ስፖንጅ አለው። ቀዳዳ ለመድፈን ግማሹን ቦጭቀው ግማሹን የተዉት አይቻለሁ፣ እሱ ራሱ ያንቀጠቅጣል። ጎኑ የተበሳ ጎማ ግን በምንም አይደፈንም። ግፊቱን በሩ ጋ ካለው ወረቀት አንብበህ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ሙላ። «ለሁሉም 30» የሚለውን አትስማ።

አሁን አደራ የምልህ። ክሪኩ። ባትሪህ ወለሉ ሥር ተዘርግቷል። ክሪክ የሚገባው በጎን በኩል ምልክት ባላቸው 4 ቦታዎች ብቻ ነው፣ ላስቲክ ተደርጎበት። አንድ መኪና መጥቶልኝ ከሥር ሳየው የባትሪው ሽፋን ሦስት ጣት በሚያህል ቦታ ወደ ውስጥ ገብቷል። ባለቤቱ ጎማ ከማስቀየር ሌላ ያስነካው ነገር የለም። የባትሪው ሴል ከተጎዳ እሳት ሊነሳ ይችላል፣ ዛሬ ባይሆን እንኳ ከቀናት በኋላ ቤትህ ቆሞ። ጎሚስታው ቢቸኩልም፣ ቢቆጣም፣ ክሪኩ የት እንደገባ ጎንበስ ብለህ እይ። መሀል ወለሉን እንዳያስነካ።

ያለፈው ሲገጠምልህ የት እንዳነሱት ካላየህ አላይመንት ስታሠራ ከሥር አሳይ። የአላይመንቱን ወረቀት ደግሞ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ የኋላውን ቁጥር አይቼ ጎሚኒው ይቀየር አይቀየር እነግርሃለሁ።