ስልክና ስለላ፦ ጎንደር ላላችሁ ጥያቄና መልስ

ፒያሳ ስልክ እጠግናለሁ። ስለ ጠለፋና ስለ ግል መረጃ ጠይቁኝ። የማንንም ስምና ቁጥር ግን እዚህ አትጻፉ።

ጥያቄ፦ *#21# ስደውል "ጥሪ ማስተላለፍ" የሚል መጣ። ተጠልፌያለሁ?
መልስ፦ ኮዱ ጥሪህ ወደ ሌላ ቁጥር መዞር አለመዞሩን ነው የሚያሳየው። ጠለፋን የሚያሳይ ኮድ የለም።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ቴሌግራሜን ሌላ ሰው እያነበበብኝ ይመስለኛል።
መልስ፦ ሱቅ የሚመጣው አብዛኛው አቤቱታ ይኸው ነው። ሴቲንግ ውስጥ "ዲቫይስስ" የሚለውን ክፈት፤ በስምህ የተከፈቱት ስልኮችና ኮምፒውተሮች ይደረደራሉ። የማታውቀውን አስወጣ። ቀጥሎ "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" (ተጨማሪ የይለፍ ቃል) አብራ፤ አለበለዚያ በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድ ብቻውን ለመግባት ይበቃል። የቴሌግራም ተራ ቻትና ግሩፕ ቢቆለፍም መክፈቻ ቁልፉ ያለው ድርጅቱ ዘንድ ነው፤ በሁለቱ ሰዎች መካከል ብቻ የሚቆለፈው "ሲክሬት ቻት" ነው። ሲግናልና ዋትስአፕ ሴቲንግ ሳትነካም እንዲህ ይቆልፋሉ፤ የዋትስአፕን ባካፕ ግን ለብቻው ቆልፈው።

አባል፦ ንጹህ ሰው ምን ያስፈራዋል?
ሌላ አባል፦ እንግዲያው ፓተርንህን (ስልክህን የምትከፍትበትን መስመር) እዚህ ጻፍልን!
አባል፦ አንተና ፖሊስ አንድ ናችሁ?
መልስ፦ ተዉ እንጂ። ስለ ግል ሕይወት መከበር የሚናገረው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 "ማንኛውም ሰው" ነው የሚለው፤ የስልክና የኤሌክትሮኒክ ግንኙነትም በስሙ ተጠቅሷል። ገደብ የሚጣልበት በሕግ ብቻ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016ም ወጥቷል፤ አንብቡት።

ጥያቄ፦ ኬላ ላይ "ስልክህን ክፈት" ብባልስ?
መልስ፦ ግብግብ አትግጠም። የፍርድ ቤት ትእዛዝ መኖሩን በትሕትና ጠይቅ፤ ከተያዝክ አንቀጽ 19 ዝም የማለት መብት ይሰጥሃል። ከቤት ስትወጣ ግን ስልክህን አጥፍተህ አብራና ፒን ሳታስገባ ተወው። እስክታስገባ ድረስ ጣትህም ፊትህም አይከፍተውም፤ መረጃ የሚቀዱት እንደ ሴሌብራይት ያሉ መሣሪያዎችም እንዲህ ያለ ስልክ ይከብዳቸዋል። ፓተርን ተዉ! ለጥገና የመጣን ስልክ ወደ መብራት ዘንበል ሳደርገው የጣቱ ቅባት መስመሩን እንዳለ ያሳየኛል።

ጥያቄ፦ የውሸት አንቴና የሚባለውስ?
መልስ፦ የኔትወርክ ማማ መስሎ ስልክ ወደ ራሱ የሚስብ መሣሪያ ነው። ብዙ ጊዜ ወደ አሮጌው 2ጂ ኔትወርክ ያወርድሃል፤ 2ጂ ላይ ስልክህ የማማውን ማንነት አያረጋግጥም። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ አንዳንድ ስልኮች 2ጂን መዝጊያ አላቸው። ገጠር ወርደህ ሌላ ኔትወርክ ካጣህ መልሰህ ክፈተው። ከላይ 2ጂ ስላያችሁ ብቻ ግን ተሰለልን አትበሉ፤ ኔትወርክ ሲደክምም ይመጣል።

ጥያቄ፦ የመንገዱ ካሜራ ፊት ይለያል?
መልስ፦ ከውጭ አይቶ መናገር አይቻልም፤ የሚለየው ሶፍትዌሩ ነው።

ጥያቄ፦ ሲም ብቀይርስ?
መልስ፦ ቀፎውም መለያ ቁጥር አለው፤ *#06# ብለህ እየው። አዲሱ ሲም ከዚያው ቁጥር ጋር ይያያዛል።

ጥያቄ፦ *#21# ብዬ...
መልስ፦ ከላይ ተመልሷል! ሳታነቡ አትጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ይሞቃል፤ ተጠልፎ ይሆን?
መልስ፦ ምን ስልክ? ቻርጅ ላይ ነው ስትደውል? "ሞቀ" ብቻ ተብሎ አይመለስም። ይልቅ የሚላክልህን ሊንክ ጠርጥር። በ2017 እ.ኤ.አ. የካናዳው የምርምር ተቋም ሲትዝን ላብ ያጋለጠው፣ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ላይ ያነጣጠረው ስለላ፣ የቪዲዮ ገጽ መስሎ "ፍላሽ የተባለውን ቪዲዮ ማጫወቻ አድስ" እያለ ነበር ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው። ሊንኩን ሳትነካ ላኪውን ደውለህ ጠይቀው።