ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማው

ጥያቄ፦ የ28 ዓመት ወጣት ነኝ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ከእናቴና ከእህቴ ጋር እኖራለሁ። ቀን ኮምቦልቻ ፋብሪካ እውላለሁ፤ ማታ ክፍሌን ዘግቼ ሙዚቃ እቀርጻለሁ። የምሠራው ኤሌክትሮኒክ ሮክ ነው፤ ቢቱም፣ ጊታሩም፣ ድምፁም የእኔ ነው። በ2014 ጥር ላይ ሳውንድ ካርድና ማይክ ገዝቼ ለጊዜ ማሳለፊያ ነበር የጀመርኩት፤ አሁን ስምንት ዘፈን ጨርሻለሁ። ሥራዬን ለቅቄ ኢንዲፔንደንት አርቲስት መሆን እፈልጋለሁ። እናቴ ግን ጠላቴ ሆናለች። በየሠርጉ ከበሮ ይዛ ሰፈሩን የምታስጨፍር ሴት የእኔን ሥራ «ጩኸት» ትለዋለች። ድምፅ እንዳይወጣ ብዬ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ሸፈንኩት፤ እሱም አላረካትም። ባለፈው ወር ሌሊት ቆጣሪ አጥፍታብኝ ሴቭ ያላደረግሁት የአራት ሰዓት ልፋት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። በ2014 እኔና እህቴ ወደ አዲስ አበባ ስንሸሽ እሷ ከአያቴ ጋር ቤት ጠብቃ ቀርታ ነበር፤ ያም አለፈ፤ ያኔ እንኳ እንዲህ አልተራራቅንም። አሜሪካዊው የሮክ ሙዚቀኛ ትሬንት ሬዝኖርም ብቻውን ነው የጀመረው። ቤቱን ልልቀቅ ወይስ እንዴት ላሳምናት? ሦስት ግጥሞቼን አብሬ ልኬአለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባቤ የሙዚቃና የገንዘብ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው «ያም አለፈ» የምትለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። የሰሜኑ ጦርነት ደሴ የገባው ጥቅምት 2014 ከተጋመሰ በኋላ ነው፤ ከተማዋ በመንግሥት ጦር ተመልሳ የተያዘችው ኅዳር 27። ከአምስት ሳምንት በላይ ማለት ነው። እናትህ ያንን ጊዜ መሸሽ ከማይችሉ አሮጊት ጋር ቤት ውስጥ አሳልፋለች። አንተ በሁለት ቃል አለፍከው። ምን እንደሰማች፣ ምን እንደበላች፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋች አንድም መስመር የለም። የጠፋብህ የአራት ሰዓት ሥራ ግን በሰዓት ተቆጥሯል።

ስለ እንቁላል ካርቶኑ ስቱዲዮ ያለው አንድ ወዳጄን ጠየቅሁት። ካርቶኑ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ወደ ውጭ የሚወጣ ድምፅ አይከለክልም አለኝ። ቀጭን ድምፅ በግድግዳው ራሱ በቀላሉ ይታገዳል፤ ወፍራሙ፣ ኪኩ (የትልቁ ከበሮ ምት) እና ቤዙ፣ ግድግዳውን ዘልቆ ይሄዳል። ጊታሩ፣ ዜማው፣ ግጥሙ አንተ ጋ ይቀራል።

እስቲ አሁን እናትህ አልጋ ላይ ለትንሽ ጊዜ ተቀመጥ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው። በግድግዳውና በአልጋው እግር በኩል ድም… ድም… ድም ይላል። በድንገት ይቆማል፤ አንተ አስተካክለህ እንደገና ልትጀምር ነው፣ እሷ ግን ያንን አታውቅም። መቼ እንደሚመለስ ሳታውቅ ትጠብቃለች። ደግሞ ይጀምራል። ሄድፎን አድርገህ ድምፅህን በምትቀርጽበት ማታ ደግሞ ሙዚቃው በሙሉ ጆሮህ ውስጥ ነው፤ ከበሩ ወዲያ የሚደርሳት አንድ መስመር ሃያ ጊዜ የሚጮህ የልጇ ድምፅ ብቻ ነው። አንተ የምትሰማው ሙሉ ዘፈን ነው። እሷ ዘፈኑን አንድ ቀን ሰምታው አታውቅም። «ጩኸት» ያለችህ ልትሰድብህ ላይሆን ይችላል፤ የሰማችውን ነው የነገረችህ።

ራስህ የጻፍከው ሌላ ማስረጃ አለ። ከበሮ የምትመታ ሴት ናት። ከበሮ የሚጠላ ሰው አያስጨፍርም። ሠርግ ላይ ድምፁ ከእጇ ነው የሚወጣው፣ በቀን፣ በሰው መካከል። በሌሊት፣ ከማታየው ቦታ፣ ሳታስበው የሚመጣ ወፍራም ድምፅ ግን ሌላ ነገር ነው። ከባድ መሣሪያ ሲተኮስ የሰማ ሰው አንጎል ያንን ዓይነት ድምፅ ከአደጋ ጋር አስሮ ሊያስቀምጠው ይችላል። ከዓመታት በኋላም ቢሆን «ይሄ የልጄ ቢት ነው» ብሎ ለማሰብ ጊዜ ሳያገኝ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይደነግጣል። ፈሪነት አይደለም፤ እልህም አይደለም። ከዚያ ወቅት ወዲህ ካነጋገርኳቸው እናቶች ውስጥ መብራት አጥፍተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ያደሩ ብዙ ናቸው። ቆጣሪ ማጥፋት ለአንተ ጠብ ነው። ለእሷ ሌሊቱን የምታልፍበት የለመደችው መንገድ ሊሆን ይችላል።

ላሰምርበት የምፈልገው ነገር አለ፤ እናትህን አላየኋትም። በደብዳቤ ሰውን መመርመር አይቻልም። ምናልባት ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደክመህ መጥተህ እንቅልፍ ማጣትህ ብቻ አሳስቧት ይሆናል። ስለ አንተም የምለው እንዲሁ ግምት ነው፤ ሆኖም ግጥሞችህን አንብቤአለሁ። አንዱ ሱቁ ሁሉ ስለተዘጋበት መንገድ ነው። ሌላው ስሙ ያልተጠራ ሰው «ለምን ሄድክ» ብሎ ይጠይቃል። ማይኩን የገዛኸው በጥር ነው፤ ከተማዋ ከተመለሰች ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ። አንተም ያንን ወቅት አላለፍከውም፣ ወንድሜ። እየቀረጽከው ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ከአንድ ድምፅ ጋር ይታገላል፤ አንተ ራስህ እየሠራኸው፣ እሷ እያጠፋችው። ስለሱ ግን ተነጋግራችሁ አታውቁም።

እዚህ ላይ ከእናትህ ጎን እቆማለሁ። ኢንዲፔንደንት ማለት ሥራህን የሚይዝልህ ኩባንያ የለም ማለት ነው፤ ማንም አያስፈልገኝም ማለት አይደለም። የጠቀስከው ሬዝኖር በ1989 እ.ኤ.አ. ለወጣው የመጀመሪያ አልበሙ የሙከራ ቅጂዎቹን (ዴሞ) አብዛኛውን ብቻውን እንደሠራቸው እውነት ነው። ግን የሠራቸው ክሊቭላንድ ውስጥ ተቀጥሮ በሚያጸዳው ስቱዲዮ ነበር፤ ባለቤቱ ክፍሉ ሥራ በሌለው ሰዓት እንዲጠቀምበት ፈቅዶለት። ሥራ ነበረው፣ በር የከፈተለት ሰውም ነበረው። ለአንተ ክፍሉን የሰጠህ ማነው?

ምን ላድርግ ላልከው፣ ሥራህን በዚህ ወር አትልቀቅ። ከኢንተርኔት የሚገኝ የዘፈን ገቢ መጀመሪያ ላይ የቤት ኪራይ አይሸፍንም፤ በኩርፊያ የተወሰነ ውሳኔም ብዙ ጊዜ ያስጸጽታል። ቤቱን መልቀቅህ ራሱ ክፉ አይደለም፤ በ28 ዓመት የራስን ጎጆ መፈለግ ተገቢ ነው። ግን አንዴ ሄደህባታል፤ በሁለተኛው ተነጋግራችሁ፣ መርቃህ ብትሸኝህ እመኛለሁ። ማታ ኪኩንና ቤዙን በሄድፎን ሥራ። ልትዘፍን ስትል «እማ፣ አሁን ልጮህ ነው፣ አትደንግጪ» በላት፤ አስቀድሞ የተነገረ ድምፅ ያነሰ ያስደነግጣል። ስለ 2014 እንደ መርማሪ አትጠይቃት። ቡና ላይ «ያኔ ትተንሽ ሄድን» ብለህ ዝም በል፤ ካልፈለገች አትጫናት፤ ሌላ ቀን አለ። እንቅልፍ የምታጣ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር የምትደነግጥ ከሆነ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ «ሂጂ» አትበላት፣ አብረሃት ሂድ። አንተም ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ብትቀመጥ ደስ ይለኛል።

ከስምንቱ ዘፈኖች አንዱ በአምባሰል ቅኝት መሆኑን በግጥሙ ጫፍ ላይ ጽፈሃል። ከእሱ ጀምር። በቀን፣ በሩን ከፍተህ፣ ሄድፎኑን አድርግላት፤ የድምፁን ማዞሪያ ግን አንተ አትንካው፣ በእጇ አስይዛት። ትጨምር፣ ትቀንስ፣ ታጥፋው። ዜማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ልትሰማው ነው። ከበሮ የምትመታ ሴት ናትና ቢትህ የት ላይ እንደሳተ ትነግርህ ይሆናል።